ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን (ዳለስ)፦ ርቀቱ ስንት ነው? መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?

ሲልቨርስፕሪንግ21

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ትመጣለች፤ ግንቦት ላይ ትመለሳለች። ቁጥሮቹ አልገጠሙልኝም። ትኬቱ ላይ መሄጃው 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:45 ዳለስ ይደርሳል ይላል፤ መሃል ላይ ደብሊን አንድ ማቆሚያ አለው። መመለሻው ደግሞ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 06:45 ቦሌ ይደርሳል፤ ማቆሚያ የለውም። ሰዓቱን እንዲሁ ስቀንሰው መሄጃው 9 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻው 19 ሰዓት ከ45 ይመጣልኛል። ይህ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ማወቅ የምፈልገው፦ እውነተኛው ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በትክክል ስንት ሰዓት ትቀመጣለች? ስትመለስ በቀጥታ መብረር የሚችል አውሮፕላን ስትመጣ ለምን ደብሊን ያርፋል? በዱባይ በኩል ርካሽ አለ የሚሉም አሉ፤ መንገዱ ምን ያህል ይጨምራል?

ትኬት_ቢሮ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ትኬት ላይ ያለው መነሻ ሰዓት ሁልጊዜ የመነሻው ከተማ ነው፤ መድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ። ስለዚህ ከመቀነስሽ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት አምጫቸው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት አትቀይርም፤ ዋሽንግተን ትቀይራለች። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሁድ አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀረው ጊዜ በ7።

የካቲት ላይ ልዩነቱ 8 ነው። ዳለስ 07:45 ሲል አዲስ አበባ 15:45 ነው። ከ22:30 እስከ 15:45 ያለው 17 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። ግንቦት ላይ ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ ዳለስ 11:00 ሲል አዲስ አበባ 18:00 ነው፤ እስከ 06:45 ድረስ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የሁለቱ ልዩነት አራት ሰዓት ተኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሄዶ መመለሱን በአንድ ልዩነት ሲያሰላ ነው፤ በመካከሉ ማርች ካለፈ አንድ ሰዓት ይዛነፍበታል።

ሌላው ለእናትሽ ስትነግሪያቸው በእኛ አቆጣጠር ይሁን። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድመው ቦሌ መገኘት አለባቸው፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1:30። «አሥር ሰዓት ተኩል» ብሎ የሚነግራቸው ሰው እንዳይኖር ተጠንቀቂ፤ ለእሳቸው አሥር ሰዓት ተኩል የከሰዓት በኋላ ወይም የንጋት ሰዓት ነው።

የእናንተ በረራ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሚነሳ አይነካችሁም እንጂ ትልቁ ወጥመድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳው ነው። ትኬቱ «ቅዳሜ ማርች 14፣ 00:50» ካለ በእኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት 6:50 ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፤ በእኛ ልማድ ግን ያ ሌሊት የዓርብ ሌሊት ነው። ተጓዡ ቦሌ መድረስ ያለበት ዓርብ ማታ 3:50 ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን አልፎታል። ለወላጅ ትኬት የምትልኩ ሁሉ የሳምንቱን ቀን ስም፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ጨምራችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ።

ካርታ_ወዳድ

ርቀቱን እኔ ልመልስ። በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማይል 7,185 አካባቢ። ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 8.98፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.80 ላይ ነው። ዳለስ በሰሜን 38.94፣ በምዕራብ 77.46። የኬንትሮሶቹ ልዩነት 116.26 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ምሥራቅ አንዱ ምዕራብ ስለሆነ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን አባዢ፤ 0.098 ይሆናል። የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን አባዢና በ116.26 ኮሳይን እንደገና አባዢ፤ −0.340 ይመጣል። ድምሩ −0.242 ነው። የዚህ የኮሳይን ግልባጭ (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ የሚለው) 104 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ አንዱን ዲግሪ በ111.2 ኪሎ ሜትር ስታባዢ ከላይ ያልኩትን ታገኛለሽ። የማይረባ ቁጥር ከወጣ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው፤ ዲግሪ ላይ አድርጊው።

ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ካርታ ማስመሪያ ብታጋድሚ መንገዱ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል። ያ መስመር ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ ወደ 12,090 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሉል ካለሽ ክር አምጪና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ በአውራ ጣትሽ ያዢና ወጥሪው። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሸሻል፦ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ሜዲትራኒያን፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ከዚያ አትላንቲክ። አትላንቲክ መሃል ላይ 45ኛው ዲግሪ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተመልሶ ወደ ደቡብ ያዘነብላል።

ደብሊን «ወጣ ያለ» የሚመስለው በጠፍጣፋው ካርታ ነው። ከቦሌ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዳለስ 5,460፤ ድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ነው። በፍራንክፈርት በኩል ቢሆን ወደ 11,900። ዱባይ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከቦሌ ዱባይ 2,520፣ ከዱባይ ዳለስ 11,355፣ በድምሩ ወደ 13,870። መጀመሪያ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሄዱ በኋላ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን ያህል ሌላ መንገድ ይጀምራሉ። በረራው ራሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምራል፤ የትራንዚቱ ቆይታ ገና ሳይቆጠር። ለዕድሜ ለገፋ ሰው፣ የዋጋው ልዩነት ብዙ ካልሆነ፣ እኔ አልመክረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚህ ሁሉ የክር ርቀቶች ናቸው። አውሮፕላኑ በተግባር የሚሄደው ከዚህ ይበልጣል። የሱዳን ሰማይ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የሚሸሽ ሆኗል፤ ሊቢያም እንደዚያው። ዞሮ የሚሄድ በረራ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጨምራል።

የበረራ_እቅድ

«ስትመጣ ለምን ያርፋል» ለሚለው መልሱ በሦስት ነገር ነው፦ የቦሌ ከፍታ፣ ነፋስና ክብደት። ሦስቱም አንድ ላይ የሚመጡት በመሄጃው ነው።

ከከፍታው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ዳለስ 95 ሜትር፣ ደብሊን 74 ሜትር አካባቢ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን የቦሌ አየር ጥግግት ከመደበኛው የባሕር ወለል አየር 74 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌሊት 12 ዲግሪ ሲሆን ወደ 76 ያድጋል። ክንፍ የሚነሳው በአየር ነው፤ አየሩ ሩብ ያህል ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ በመሬት ላይ 16 በመቶ የበለጠ መፍጠን አለበት። ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳ አውሮፕላን ቦሌ ላይ 325 ያስፈልገዋል። የሚፈልገው የመንደርደሪያ ርዝመት ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ የሞተሩ ጉልበት ባይቀንስ እንኳ 35 በመቶ ይረዝማል። የሞተሩ ጉልበት ግን ይቀንሳል፤ እሱም የሚተነፍሰው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው።

የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ትልቅ ነው፤ ግን የሚገድበው ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ጎማዎቹ የተፈቀደላቸው ጣሪያ ፍጥነት አለ፤ በብዙ ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከዚህም በላይ ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ልክ ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር ከፊቱ ካለው መሬት በላይ መውጣት ይችላል ወይ? በከተማው ሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው እንጦጦ አለ። ይህን ሁሉ አስልተው የሚደርሱበት ቁጥር የዚያ ምሽት ከፍተኛ የመነሻ ክብደት ነው፤ ፋብሪካው ከሚፈቅደው በብዙ ቶን ያንሳል። ምሽት ላይ መነሳቱ በአየሩ ቅዝቃዜ ትንሽ ይረዳል።

ክብደቱ ሲቀንስ ምን ይቀነሳል? የአውሮፕላኑን አካል መቀነስ አይቻልም። የሚቀነሰው ወይ ሰውና ጭነት ነው፣ ወይ ነዳጅ። ቦይንግ 787-8 በወረቀት ላይ 13,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 11,560 ለሱ ቀላል ይመስላል። ያ ቁጥር ግን ከባሕር ወለል ተነስቶ፣ ነፋስ በሌለበት ነው። በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይወስዳል ብንል 14 ሰዓት ለመብረር 70 ቶን ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ላልታሰበ ነገር የሚጨመር፣ ዳለስ ቢዘጋ ወደ ተለዋጭ ኤርፖርት የሚወስድ፣ ከዚያም 30 ደቂቃ አየር ላይ የሚያቆይ መጠባበቂያ ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ ቦሌ ላይ ቢሞላ ከተሳፋሪው ብዙ ወንበር ባዶ መተው አለበት። ስለዚህ ለስምንት ሰዓት የሚበቃውን ይዞ ይነሳል፤ የቀረውን አየሩ ወፍራም ከሆነበት፣ ከባሕር አጠገብ ካለ ኤርፖርት ይሞላል።

ከዳለስ ሲመለስ ሁሉም ይገለበጣል። የሚነሳው ከባሕር ወለል አቅራቢያ ስለሆነ ታንኩን በሚፈልገው ልክ ይሞላል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ አልቆ ቀሏል፤ በዚያ ክብደት ማረፍ አያስቸግርም።

አሁን ነፋሱ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጄት ስትሪም የሚባል ነፋስ አለ፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል፤ ክረምት ሲሆን፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ይበረታል። በመንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለማይሆን በአማካይ 60 ብለን እንውሰድ። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ወደ ምዕራብ ሲመጣ በመሬት ላይ የሚሸፍነው 840፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ 960 ነው። 11,800 ኪሎ ሜትር ለ840 ሲካፈል 14 ሰዓት፤ ለ960 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ያ ብቻውን የአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት ነው።

የቀረው ደብሊን ላይ ነው። መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል፤ በዚያ ላይ መውረድ፣ ማረፍ፣ መንደርደር፣ እንደገና መውጣት። አራት ሰዓት ተኩሉ ከዚህና ከነፋሱ ነው የተሠራው፤ ትንሽ ደግሞ አየር መንገዶች ለመዘግየት በፕሮግራሙ ላይ የሚጨምሩት ትርፍ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከበሩ ከተላቀቀበት እስከ መድረሻው በር የሚቆጠር ነው፤ አየር ላይ የሚቆይበት ከዚያ በሃያ ወይም በሠላሳ ደቂቃ ያንሳል። አንዱ ድረ ገጽ «13 ሰዓት» የሚለው ርቀቱን ለአንድ ፍጥነት አካፍሎ ነው፤ ከፍታም ነፋስም ማቆሚያም አላየም።

ሲልቨርስፕሪንግ21

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ገባኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባለቤቴ ልዩነቱ ምድር ስለምትሽከረከር ነው ይላል፤ ትክክል ነው? ሌላው እናቴ ስኳር አለባት፤ 17 ሰዓት ሙሉ የመድኃኒቷን ሰዓት በምን ትቁጠር? ደብሊን ላይ መውረድ አለባት? አጎቴ ደግሞ «ዳላስ ነው የምትደርሰው» ብሎ ለዘመድ ሁሉ ተናግሯል፤ ቴክሳስ ያሉት ሊቀበሏት ተነስተዋል።

የበረራ_እቅድ

ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር፤ ዋሽንግተን ወደ አውሮፕላኑ እየመጣች መሄጃው ባጠረ። አውሮፕላኑ ግን የሚበረው በአየር ውስጥ ነው፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ የምትበር ዝንብ የኋላው መስታወት ፈጥኖ እንደማይመታት ማለት ነው። የምድር መሽከርከር ድርሻው ሌላ ቦታ ነው፦ ጄት ስትሪሙ ወደ ምሥራቅ እንዲነፍስ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ምክንያቱን ነክቶታል፤ መንገዱ ግን በነፋሱ በኩል ነው።

ትኬት_ቢሮ

ዳላስና ዳለስን በተመለከተ ዛሬውኑ ደውይላቸው። በአማርኛ ስንጽፈው አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያየው፤ በመሬት ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳለስ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው፤ ኮዱ አይ ኤ ዲ። ዳላስ ቴክሳስ ነው፤ ኮዱ ዲ ኤፍ ደብሊው። ዋሽንግተን ራሱ ሦስት አለው፦ ዳለስ፣ ሬገን (ዲ ሲ ኤ) እና ባልቲሞር (ቢ ደብሊው አይ)። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሲሰጣቸው ሦስቱ ፊደላት አይ ኤ ዲ መሆናቸውን ሸኚው ሰው በዓይኑ ይይ።

ደብሊን ላይ የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ኢቲ 500 እንደሆነ ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ለነዳጅ ብቻ ስለሆነ ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ ይቆያል። ማቆሚያው እንደየወቅቱ ሊቀየር ስለሚችል ከጉዞው ሳምንት በፊት ትኬቱን ደግመሽ እይው። እናትሽ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደርሻለሁ ብለው ቦርሳቸውን አንስተው እንዳይወጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ «የመጀመሪያው ማረፍ አየርላንድ ነው፣ ሁለተኛው እኔ ጋ ነው።»

ዊልቼር አሁኑኑ አስመዝግቢ፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት። መራመድ ቢችሉም ይጠቅማል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ኢሚግሬሽን ላይ ከጎኑ የሚቆም ሰው ያገኛል። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት የጾም ምግብ አስይዢ፤ ኮዱ ቪ ጂ ኤም ኤል ነው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ፍተሻ ላይ ያስቆማል፤ በርበሬና ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ቋንጣ ግን በየትኛውም አይግባ፤ ይወሰዳል።

ካርታ_ወዳድ

የመድኃኒቱን ሰዓት በተመለከተ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እስከ ዳለስ ድረስ በአዲስ አበባ ሰዓት ይተዉት። ስልክ ከሆነ ደብሊን ላይ ራሱን ሊቀይር ስለሚችል ከመነሳታቸው በፊት የራስ ሰር ሰዓት መቀየሪያው ይጥፋ። በ8 ሰዓት ልዩነት የመጀመሪያው ቀናቸው 32 ሰዓት ይሆናል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ያንን ረጅም ቀን እንዴት እንደሚያሳልፉ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸው በወረቀት ይጻፍላቸው፤ ይህ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ኢንሱሊን በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ወይም ሊጠፋ ይችላል።

አንቺ ደግሞ 07:45 ላይ በሩ ጋ ለመቆም አትቸኩይ። በበረራ መከታተያ መተግበሪያ ኢቲ 500 ብለሽ ከደብሊን የተነሳበትን ሰዓት እይ፤ የቀረው መንገድ ስምንት ሰዓት ያህል ነው፤ የሚያሳይሽ መድረሻ ከዚያ በኋላ ብዙም አይዛነፍም። ካረፈ በኋላ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳለስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት 495 (ዋሽንግተንን የሚዞረው ቀለበት መንገድ) ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቆሚ ትችያለሽ። አውሮፕላኑ 07:45 የሚያርፍ ከሆነ 07:15 ላይ ከቤት ብትነሺ ትደርሻለሽ።